ዋርፒንግ ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱ እንዲቆም

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ድር ሲያደራ ክሩ በጣቶቹ መሀል ያልፋል። ቢበጠስ ዓይኑ አያይም፤ ጣቱ ነው የሚነግረው። የጀመረውን ጨዋታ ሳያቋርጥ ይቆማል፣ ይቋጥራል፣ ይቀጥላል።

እኔ ኤሌክትሪሻን ሆኜ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ። የመጀመሪያው ከባድ ሥራዬ ለ240 ክር 240 ጣት መሥራት ነበር። ዛሬ የማጫውታችሁ እሱን ነው። አሮጌ ዋርፒንግ ማሽን ካላችሁ፣ ወይም ማቆሚያው ከሞተ ቆይቶ "በዓይን እንጠብቃለን" እያላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይጠቅማችኋል።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ዋርፒንግ ድር ማድራት ነው። ክር የተጠመጠመባቸው ኮኖች ክሪል በሚባለው መደርደሪያ ላይ ይሰካሉ። ከእያንዳንዱ ኮን አንድ ክር ይወጣል። ሁሉም ጎን ለጎን ሆነው ቢም በሚባለው ትልቅ መጠምጠሚያ ላይ ይጠመጠማሉ። የእኛ ክሪል ሁለት ጎን ነበረው። በአንዱ ጎን 20 ዓምድ፣ በአንዱ ዓምድ 6 ኮን። ሲደመር 240። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች 600ም ይሰቅላሉ።

አንዷ ክር ተበጥሳ ማሽኑ ባይቆምስ? ጫፏ ቢሙ ላይ ትገባለች። ጎረቤቶቿ ይጫኗታል። ማሽኑ ይሮጣል፣ ማንም ልብ አይልም። ጉዱ የሚወጣው ሳይዚንግ ላይ ነው፤ ድሩ አሚዶ ሲጠጣ። የጠፋችው ክር ከጎረቤቷ ጋር ተጣብቃ ትመጣለች። ሌላዋን ትበጥሳለች። ሮለር ላይ ትጠመጠማለች። ዋርፒንግ ላይ በአንድ ቋጠሮ የሚያልቀው ነገር እዚያ ሦስት ሰው ያራውጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሉም (የሽመና ማሽን) ድርም ይበጠስ ማግ ራሱ ይቆም ነበር። አዎ፣ መኪናው ቶዮታም ከዚያው ቤተሰብ ነው የወጣው። ሰውየው ዋናውን ነገር ገብቶት ነበር፦ ማሽኑ ራሱ የሚቆም ከሆነ ሰው አጠገቡ ተገትሮ መዋል የለበትም።

ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የትኛውን ሴንሰር ልግዛ?" ብሎ ነው። ቆይ። ሜትር ይዛችሁ ክሪሉ ጋ ሂዱ። ለቢሙ በጣም ቅርብ የሆነውን ዓምድ ፈልጉ። ከእሱ ዓምድ መንጠቆ (ክር ሲበጠስ ከሚወድቀው ጠባቂ) እስከ ቢሙ ድረስ ለኩ። የእኛ 3.5 ሜትር ነበር። ጠቅላላ ሥራው እዚህች ቁጥር ውስጥ ነው። ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ እስኪቆም የሚያልፈው ክር ከ3.5 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ጫፏ ቢሙ ላይ ገብታለች። የኋላው ዓምድ አያሳስብም፤ እሱ ርቀት አለው።

አሁን እናስላው። ማሽናችን በደቂቃ 300 ሜትር ይሄድ ነበር። በሰከንድ 5 ሜትር ማለት ነው። መንጠቆው ወድቆ፣ ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) መትቶ፣ ፍሬኑ እስኪይዝ 0.2 ሰከንድ ይሄዳል። 1 ሜትር አለፈ። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ቢሙ ለመቆም 0.8 ሰከንድ ይፈልጋል። ፍጥነቱ እየወረደ ስለሚመጣ ግማሹን እንያዝ፤ 2 ሜትር። ድምሩ 3 ሜትር። ጫፏ ቢሙ ጋ ልትደርስ 50 ሴንቲ ሜትር ሲቀራት ቆመች። ተመስገን።

ከዚያ አለቃችን "ወደ 400 ከፍ አድርጉት" አለ። አደረግነው። ፍሬኑ ግን ያው ፍሬን ነው። 0.2 ሰከንዷ 1.3 ሜትር በላች። የፍሬኑ ርቀት ከ2 ሜትር ወደ 3.56 ሜትር ገደማ ሆነ። ፍጥነት በሲሶ ሲጨምር የፍሬን ርቀት በሲሶ አይደለም የሚጨምረው፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ድምሩ 5 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ጫፏ ቢሙ ላይ 1.4 ሜትር ገብታ እናገኛታለን። ቢሙ ገና ባዶ ሳለ ይህ ነው። ሲሞላ ይከብዳል፣ ለመቆምም ይለግማል።

ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ፍሬኑን ታሻሽላላችሁ፣ ወይ ክሪሉን ወደ ኋላ ትስባላችሁ። እኛ ክሪሉን በ2 ሜትር ሳብነው። ወለሉ ላይ ቦታ ስለነበረ ዋጋው አራት ብሎን መፍታትና ማሰር ብቻ ሆነ።

የክብሪቷ እንጨት

አሮጌው ማቆሚያ በሥራ ላይ እንዳለ መዝገቡ ላይ ተጽፏል። እኔ ፓኔሉን ስከፍት ሪሌው ውስጥ የክብሪት እንጨት ተሰክቶ አገኘሁ። ሪሌው እንዳይመታ ማለት ነው። ቀጥ ብዬ ኦፕሬተሯ ጋ ሄድኩ። ዕድሜዋ ከእናቴ ጋር የሚቀራረብ ሴት ናት፤ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት።

"እቴቴ፣ ይቺን ማን አስገባት?"

"እኔ ነኛ። አንተ ልጅ፣ በሰዓት አሥሬ ያለ ምክንያት ሲቆምብኝ ኮታዬን ማን ይሞላልኛል?"

ምን ይመለሳል? ልክ ናት። በውሸት የሚያቆም ማቆሚያ ዕድሜ የለውም። ወይ ክብሪት ይሰካበታል፣ ወይ ሽቦው ተቆርጦ ዳይሬክት ይደረጋል። ስለዚህ አዲስ ከመሥራቴ በፊት አንድ ሙሉ ሺፍት አጠገቧ ቆሜ ዋልኩ። ማሽኑ በቆመ ቁጥር የትኛው ኮን እንደሆነ ጻፍኩ። ከእውነተኛው መበጠስ ይልቅ የውሸቱ በዝቶ ተገኘ። ይበልጡን ደግሞ ከአምስት ኮኖች ነበር የሚመጣው።

ጥፋቱ መንጠቆው ላይ አልነበረም። ክሩን የሚይዙት ሁለቱ የቴንሽን ዲስኮች መሀል ብናኝ ተጠቅጥቋል። ብናኙ ዲስኩን ያነሳዋል። ክሩ ይላላል። መንጠቆው ይደንሳል፣ አንዳንዴም ይወድቃል። ዲስኮቹን አውልቄ አጠብኳቸው። በማግስቱ ከእነዚያ ኮኖች የመጣ የውሸት መቆም አልነበረም። እና የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው፦ ኤሌክትሪኩን ከመንካታችሁ በፊት ቴንሽኑን አጽዱ።

መንጠቆው

አሠራሩ ቀላል ነው። መሀሉ ላይ በፒን የተያዘ ሽቦ አስቡ። አንደኛው ጫፍ ላይ ቀለበት አለ፤ ክሩ በውስጡ ያልፋል። የተወጠረው ክር ቀለበቱን ወደ ላይ ይዞታል። ክሩ ሲበጠስ ቀለበቱ በክብደቱ ይወድቃል። የሌላኛው ጫፍ ጭራ ይነሳና ሁለት የነሐስ ዘንጎችን ያገናኛል። ሰርኪዩቱ ተገናኘ፣ ማሽኑ ቁም ተባለ።

እኔ 2 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ በፒንሳ እያጠፍኩ ሠራሁት። የመጀመሪያዎቹ ላይ ቀለበቱም ከዚያው ሽቦ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ክር በብዛት ይበጠስ ጀመር። አንዱን መንጠቆ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ ሄድኩ። ቀለበቱ ውስጥ በምላጭ የተሰነጠቀ የምትመስል ቀጭን መስመር አለች። ጥፍሬን ሳስገባባት ያዘኝ። ጥጥ ብረት ይሞርዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ቀን ከሌሊት ሲያልፍበት ግን ይሞርዳል። ከዚያ ያቺ መስመር ራሷ ክሩን ትቆርጣለች። ጠባቂው ሌባ ሆነ። የሴራሚክ ቀለበት አስገባሁበት፤ ነገሩ በዚያው በረደ። ክር በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ሴራሚክ ተጠቀሙ፣ አትሰስቱ።

ክብደቱን በሙከራ ያዙ። ከበደ ማለት ክሩን ይጎትታል፣ ቀጭን ክር ከሆነ ይበጥሰዋል። ቀለለ ማለት ብናኝ ይዞት ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለ20 ቁጥር ጥጥ የተመቸው መንጠቆ ለ40 ቁጥር ይከብዳል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። እኔ ጭራው ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ናስ አደረግኩበት። ክር ሲቀየር እሷን መግፋት ብቻ ነው።

ቦታው ከቴንሽኑ ቀጥሎ፣ ኮኑ አጠገብ ይሁን። አንዳንዱ ሰው ሽቦ ለመቆጠብ ሁሉንም መንጠቆ ከክሪሉ ፊት ይደረድረዋል። ያኔ ከኋላ ዓምድ የምታገኙት ርቀት በከንቱ ይሄዳል። ክር በብዛት የሚበጠሰው ደግሞ ኮኑና ቴንሽኑ አካባቢ ነው።

ሽቦው

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ 220 ቮልት ክሪል ውስጥ አታስገቡ። የኮንታክተሩን (ሞተሩን የሚያገናኘውን ትልቅ ሪሌ) ኮይል በቀጥታ በመንጠቆዎቹ በኩል ያሰረ ሰው አይቻለሁ። መንጠቆው በወደቀ ቁጥር ብልጭ ይላል። ዙሪያው ደግሞ የጥጥ ብናኝ ነው፤ ከክብሪት በላይ ምን ፈለጋችሁ? አንድ ሌሊት ጭስ ሸቶን በውኃ ሳይሆን በማጥፊያ ደርሰንበታል። በ24 ቮልት ዲሲ ሥሩ። ከትራንስፎርመሩ በኋላ 1 አምፔር ፊውዝ አድርጉ። በመንጠቆው የሚያልፈው የአንዲት ትንሽ ሪሌ ኮይልና የአንድ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ከረንት ብቻ ይሁን። ሪሌው ኮይል ላይ በግልባጩ አንድ ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ማሰር እንዳትረሱ፤ ኮይሉ ሲለቀቅ የሚመጣውን ብልጭታ ይውጠዋል።

እያንዳንዱ ዓምድ ሁለት ቋሚ ዘንግ አለው። አንደኛው 24 ቮልቱ ነው። ሁለተኛው የዓምዱ መልእክተኛ ነው። ስድስቱ መንጠቆዎች ሁለቱን ለማገናኘት ይጠብቃሉ። የመልእክተኛው ሽቦ ሁለት ቦታ ይሄዳል። አንዱ ዓምዱ አናት ላይ ወዳለች ቀይ ኤልኢዲ፣ በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል። ሌላው በአንድ ዳዮድ በኩል ወደ ጋራው መስመር፣ ከዚያም ወደ ዋናው ሪሌ። ዳዮዷን ናቅ አድርገው የሚተዋት አሉ። እሷ ከሌለች አንድ መንጠቆ ሲወድቅ 40ዎቹም መብራቶች በአንዴ ይበራሉ። እቴቴ ያኔ የገና ዛፍ ነው ብላ ስቃብኛለች። ዳዮዷ ካለች ግን ማሽኑ ሲቆም ቀና ብላ አንድ መብራት ታያለች። ከ240 ክር ሳይሆን ከ6 ክር መሀል ነው የምትፈልገው።

ዋናው ሪሌ አንዴ ከመታ ሰው እስኪለቀው ይዞ መቅረት አለበት። መንጠቆው ሲወድቅ ይነጥራል፤ ነካ አድርጎ ይለቃል። ሪሌው አብሮት ከለቀቀ ማሽኑ ግማሽ መንገድ ቆሞ እንደገና ይነሳል። መልቀቂያውን ቁልፍ ደግሞ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ አታድርጉት። ክሪሉ ላይ አድርጉት። ያኔ ኦፕሬተሩ ክሩ ጋ ሳይሄድ ማሽኑን ማስነሳት አይችልም። ይቺን ተንኮል ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው።

የዚህ ዓይነት ሰርኪዩት አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የ24 ቮልቱ ሽቦ ቢበጠስ ዝም ይላል። ማሽኑ ይሮጣል፣ ጠባቂ የለም፣ ማንም አያውቅም። መፍትሔው ሽቦውን ማዞር ነው። 24 ቮልቱ በአንደኛው ጎን 20 ዓምዶች አልፎ፣ በሁለተኛው ጎን ተመልሶ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ሪሌ ይይዛል። ማሽኑ የሚሠራው ይቺ ሪሌ ተስባ ሳለ ብቻ ነው። ሽቦው የትም ቢበጠስ፣ ፊውዙ ቢቃጠል፣ ሪሌዋ ትለቃለች፤ ማሽኑ ይቆማል።

ቀዩ የአደጋ ቁልፍ ከዚህ ሁሉ ውጭ ለብቻው ይታሰር። የክር ማቆሚያ ክር ያድናል እንጂ እጅ አያድንም።

ፍሬኑ

ፍሬኑ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በአየር የሚለቅ ይሁን። የኛ አገር ሰው ምክንያቱን መስማት አያስፈልገውም። መብራት ሲሄድ ማቆሚያውም አብሮ ይሞታል። ቢሙ ግን በራሱ ጉልበት ይሽከረከራል። በዚያ መሀል ክር ቢበጠስ ማን ያያል? ሞላው ካለ መብራት በሄደ ቅጽበት ፍሬኑ ይይዛል። ሸራው ላይ ዘይት እንዳይደርስ ጠብቁ። የእኛ በ0.8 ሰከንድ የሚያቆመው ፍሬን አንድ ጊዜ 2 ሰከንድ ሲፈጅ ምክንያቱ ከላይ የምታንጠባጥብ አንዲት ቤሪንግ ነበረች።

ስለ መዘግየት፣ የራሴን ጥፋት

የውሸት መቆሙን ለማጥፋት አቋራጭ የፈለግኩበት ጊዜ ነበር። ታይመር አስገባሁና መንጠቆው ግማሽ ሰከንድ ካልወደቀ ማሽኑ እንዳይቆም አደረግኩ። ጸጥ አለ። እቴቴ መረቀችኝ። በሳምንቱ ሳይዚንግ ያሉት ልጆች ቢሙን ይዘው መጡ፤ ከዚህም ከዚያም የጠፋ ጫፍ። በሰከንድ 5 ሜትር ለሚሄድ ማሽን ግማሽ ሰከንድ 2.5 ሜትር ነው። በገዛ እጄ ፈጅቼዋለሁ። መዘግየት ካስፈለጋችሁ ከ0.03 ሰከንድ አትለፉ። እሷ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት የምትበላው።

ማስነሻው ላይ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ማሽኑ ቆሞ ሲቆይ ክሮች ይላላሉ፣ ደህነኞቹም መንጠቆዎች ይወድቃሉ። ስለዚህ የቀስታ ቁልፍ አበጁ። ጣት እስከተጫነው ድረስ ማሽኑ እየተንፏቀቀ ይሄዳል፣ ማቆሚያው አያየውም። ጣት ሲነሳ ይቆማል። ክሮቹ ሲወጠሩ ኤልኢዲዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። የመጨረሻዋ ስትጠፋ ሙሉ ፍጥነቱን መስጠት ነው። አልጠፋም ያለች ካለች እዚያ ክር የለም።

መንጠቆ ሳይሆን ዓይን ያላቸው ሴንሰሮችም አሉ። አንዳንዱ ክሩ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማ ነው፤ ክሩ ከቆመ መንቀጥቀጡም ይቆማል፣ ያውቀዋል። ክሩን ስለማይነካው አይጎትተውም። በደቂቃ 800 እና 1,000 ሜትር ለሚበሩት ማሽኖች መንጠቆ አይመከርም፣ እሱን ግዙ። ማሽኑ በቀስታ ሲነሳ ግን እሱም ምንም አይሰማም፤ የማስነሻው ነገር እዚያም አይቀርም። በ300 ሜትር ለሚሄድ አሮጌ ማሽን 240 ሴንሰር መግዛት ግን ለበቅሎ የወርቅ ኮርቻ ነው።

መቀስ

ሥራው ማለቁን የምታውቁት በመቀስ ነው። ቢሙ ሞልቶ ሊወርድ ሲል፣ በሙሉ ፍጥነት ሞክሩት። ባዶ ቢም ሁልጊዜ ፈጥኖ ይቆማል፤ ያታልላችኋል። ከፊተኛው ዓምድ አንዱ ኮን ላይ ቀይ ክር ስቀሉ። ከክሪሉ ውጭ በኩል ቁሙ። በክሪሉና በቢሙ መሀል ማንም አይቁም። ቀዩን ክር ከመንጠቆው በኋላ ሳይሆን በኮኑና በመንጠቆው መሀል ቁረጡት። ማሽኑ ሲቆም ቀዩ ጫፍ የት እንዳለ ለኩ።

እኛ ፊተኛውን ዓምድ፣ መሀሉንና የኋላውን ከሁለቱም ጎን ሞከርን። ፊተኛው ላይ ክሪሉን ከሳብነው በኋላ ጫፏ ቢሙ ጋ ልትደርስ 40 ሴንቲ ሜትር ቀራት። ያቺን ቁጥር በቾክ ፓኔሉ በር ውስጥ ጻፍኳት። በየወሩ እንለካለን። 40 የነበረው 20 ከሆነ ፍሬኑ ደክሟል ማለት ነው፤ ክር ቢሙ ላይ እስኪገባ አንጠብቅም።

በየሺፍቱ መጀመሪያ ደግሞ አጭር ሥራ አለ። ኦፕሬተሯ ከእያንዳንዱ ዓምድ አንድ መንጠቆ በጣቷ ትጥላለች። መብራቱ ከበራ ያልፋል። ካልበራ ዘንጎቹ ቆሽሸዋል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከጠቆሩ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት። ሁልጊዜ ያቺኑ መንጠቆ አትጣሉ፤ ሰኞ የመጀመሪያውን፣ ማክሰኞ ሁለተኛውን እያላችሁ ሂዱ። ስድስት መንጠቆ፣ ስድስት የሥራ ቀን። ብናኙን በኮምፕሬሰር ስትነፉ ማሽኑ ቆሞ ይሁን፤ አለዚያ ከአንዱ ዓምድ ያነሳችሁት ሌላው ላይ ያርፋል።

መዝገቡ ላይ እኛ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምንጽፈው፦ ዓምዱን፣ ከላይ ስንተኛው ኮን እንደሆነ፣ ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ። ያው ቦታ ኮኑ ተቀይሮም ሦስት ጊዜ ከበጠሰ ጥፋቱ የክሩ አይደለም። ዲስኩን፣ ቀለበቱን እዩ። እቴቴ አሁን መዝገቡን ሳትገልጥ ታውቀዋለች። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ገና ከበር "ግራ አሥራ አንደኛው፣ ከታች ሁለተኛው፣ ና እየው" አለችኝ። ካቻቢቴ ከኪሴ አውጥቼ ሄድኩ። ቀለበቱ ተሰንጥቋል።